ለምንድን ነው ታሪኩ ቀጥ ብሎ የማይሄደው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ የአምዱ አዘጋጅ። እኔና ጓደኞቼ በወር አንድ መጽሐፍ እያነበብን እንወያያለን። ባለፈው የጥቁር አሜሪካዊቷ ደራሲ የቶኒ ሞሪሰን «ቢላቭድ» ተራ ነበር። ከባርነት ያመለጠች እናት፣ ጌታዋ ልጆቿን ሊወስድ ሲመጣ ሴት ልጇን በገዛ እጇ የምትገድልበት ታሪክ ነው። ልንጣላ ምንም አልቀረንም። ታሪኩ ወደ ኋላ ወደ ፊት ስለሚል ግማሾቻችን ግራ ገብቶን መሃል ላይ ተውነው። የሞተችው ልጅ ትልቅ ሴት ሆና መምጣቷስ ምን ማለት ነው? ደራሲዋ ደግሞ ባርነት ካበቃ ከስንት ዘመን በኋላ የተወለደች ናት፤ ያላየችውን ሕመም እንዴት ትጽፈዋለች? በኛስ አገር እንዲህ ያለ ነገር መጻፍ ይቻላል?
አንባቢያችሁ፣ ከአዳማ

መልስ፦ ሰላም እህቴ። መሃል ላይ የተዋችሁት እባካችሁ መልሳችሁ አንሱት። ታሪኩ ቀጥ ብሎ የማይሄደው እናቲቱ ቀጥ አድርጋ ልትናገረው ስለማትችል ነው።

መጀመሪያ አካባቢ ያለውን አንድ ቦታ ድጋሚ አንብቡት። ፖል ዲ የሚባለው ሰው፣ ድሮ አንድ እርሻ ላይ አብሯት የነበረ፣ ከ18 ዓመት በኋላ ቤቷ ይመጣል። የእርሻው ጌታ የወንድም ልጆች የሆኑ ጎረምሶች ጋጣ ውስጥ ይዘዋት የጡቷን ወተት እንደጠቡባት ትነግረዋለች። ያ ወተት ለሕፃኗ ነበር። ለእመቤቷ በመናገሯ ደግሞ ጀርባዋ እስኪተለተል ገረፏት። ሰውየው በድንጋጤ ስለ ግርፋቱ ይጠይቃታል። ወተቴን ወሰዱብኝ ትለዋለች። እርጉዝ ሆነሽ ነው የገረፉሽ? ይላታል። አሁንም ወተቴን ትላለች። እሱ የሚያየው ጠባሳውን ነው፤ እሷን የሚያንገበግባት ሌላ ነው። ቆየት ብሎ ደግሞ ያንኑ ቀን ባሏ ከላይ ቆጥ ላይ ሆኖ ሁሉንም ያይ እንደነበር እንሰማለን፤ እሷም የምትሰማው ገና ያኔ ነው። እንግዲህ ያ ቀን በተነሳ ቁጥር ያልነበረ ነገር ይጨመርበታል። ከሀ እስከ ፐ በተራ ቢጻፍ ኖሮ ይህ ሁሉ ይጠፋ ነበር።

አማቷም አለች፣ ቤቢ ሰግስ። ስምንት ልጆች ወልዳለች። ከበኩር ልጇ የምታስታውሰው፣ ልጅቷ የዳቦ ቂጥ ያረረውን መውደዷን ብቻ ነው። ሌላ ምንም የለም። እኔ እዚህ ጋ ስደርስ መጽሐፉን ዘግቼ ትንሽ ቆይቼ ነው የምቀጥለው።

ያላየችውን እንዴት ጻፈች ላልሽው፣ ከባዶ አልተነሳችም። ሞሪሰን ራንደም ሃውስ በሚባለው አሳታሚ ቤት አርታኢ በነበረችበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣ የጥቁር አሜሪካውያን ታሪክ ስብስብ ስታዘጋጅ አንድ የድሮ ጋዜጣ ቁራጭ አገኘች። ስለ ማርጋሬት ጋርነር ነበር። ማርጋሬት እ.ኤ.አ. በጥር 1856 ከባሏና ከአራት ልጆቿ ጋር፣ በረዶ የሆነውን የኦሃዮ ወንዝ በእግሯ ተሻግራ ባርነት ካለበት ከኬንታኪ ባርነት ወደሌለበት ወደ ሲንሲናቲ ገባች። ወዲያው ተከበቡ። የሁለት ዓመት ገደማ ሴት ልጇን በቢላ ገደለቻት። ጠበቃዋ በነፍስ ግድያ ትከሰስልኝ ብሎ ተሟገተ፤ ከተከሰሰች ሰው ናት፣ ካልተከሰሰች ንብረት ናትና። ያመለጠ ባሪያ ለጌታው ይመለስ የሚለው የ1850ው ሕግ አሸነፈ፣ ለጌታዋ ተመለሰች፤ እ.ኤ.አ. በ1858 እዚያው ደቡብ ውስጥ በባርነት ሞተች። ጓደኞችሽ ስለ እናቲቱ ጥፋት ሲከራከሩ ይህንንም ሕግ ጠረጴዛው ላይ ቢያስቀምጡት ደስ ይለኛል።

በልቦለዱ ውስጥ ግን እናቲቱ አትመለስም። ሲንሲናቲ ቀርታ ትኖራለች። ከዚያ በኋላ እንዴት ይኖራል? መጽሐፉ ይህን ነው የሚጠይቀው፤ የጋዜጣው ቁራጭ ሊነግረን የማይችለውም ይህንኑ ነው።

ከባርነት አምልጠው ሕይወታቸውን ራሳቸው የጻፉ ሰዎች ነበሩ፤ ፍሬድሪክ ዳግላስ እ.ኤ.አ. በ1845፣ ሃሪየት ጄከብስ በ1861። ግን የሚጽፉት ባርነት እንዲቀር ነጮቹን ለማሳመን ነበር። አንባቢው እንዳይሸሽ የከፋውን እየዘለሉ፣ ውስጣቸው የተሰማቸውን እየዋጡ ነው የጻፉት። ሞሪሰን ራሷ የኔ ሥራ እነሱ ከመጋረጃ ጀርባ የተዉትን መግለጥ ነው ስትል ተናግራለች። ልቦለድ ለዚህ ይጠቅማል፣ ሰነዱ ዝም ያለበት ቦታ ይገባል።

የሞተችው ልጅ መምጣትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል። ቤቱ ውስጥ ማንም ስሟን አያነሳም፣ ስለዚህ ራሷ መጣች። በላች፣ ጠጣች፣ እናቷን ለምን እንዲህ አደረግሽኝ ብላ ያዘቻት። ግን የአንዲት ሕፃን መንፈስ ብቻ አድርጋችሁ አታንብቧት። አንድ ምዕራፍ ላይ ልጅቷ ሬሳ መሃል ተኮራምታ ባሕር ላይ እንደነበረች ትናገራለች፤ ያ የባሪያ መርከብ ነው። መጽሐፉም የተበረከተው በባሪያ ንግድ ላለቁት ነው፤ «ለስልሳ ሚሊዮንና ከዚያም በላይ» ይላል።

በኛስ? ለምን አይቻልም! ባርነት እኛም ጋ ነበር፤ በሕግ ጨርሶ የተከለከለው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. ነው፣ ትናንት ማለት ይቻላል። በብዙ ቤት ግን ጨዋታው እዚያ ሲደርስ ወሬ ይቀየራል። የተሸጠው ወገን ያፍራል፣ የሸጠውም ይሸፍናል። መነሻ የለም እንዳትሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1888 የእንግሊዝ የጦር መርከብ ከባሪያ ነጋዴዎች ጀልባ አስለቅቆ ኤደን ያወረዳቸው የኦሮሞ ልጆች ነበሩ። 64ቱ ደቡብ አፍሪካ፣ ላቭዴል ትምህርት ቤት ገቡ። ከየት እንደተወሰዱ፣ ማን ለማን እንደሸጣቸው ሲናገሩ ቃላቸው ተጽፎ ተቀምጧል። የአንዳንዱ ቃል በጣም አጭር ነው። እናትየው ልጇ የተወሰደ ዕለት ማታ ምን እንዳደረገች እዚያ ውስጥ የለም፤ ያንን የሚጽፍ ሰው ያስፈልገናል። ከእናንተ መሃል የሚሞክር ካለ ለዝግጅት ክፍሉ ይላክልን፣ እኔ ቁጭ ብዬ አነበዋለሁ።