ርህራሄ ሜዳ አያስረዝምም

ልጆች፣ በሚሽን አቪዬሽን፣ ማለትም በትንሽ አውሮፕላን በሚደረገው የወንጌልና የእርዳታ ስራ፣ ማገልገል እንፈልጋለን ብላችሁ የምትጽፉልኝ ብዙ ናችሁ። ደስ ይለኛል። የምትጠይቁኝ ስለ ጥሪ፣ ስለ ጸሎት፣ ስለ አደጋው ነው። ስለ ሚዛን የጠየቀኝ ግን እስካሁን አንድም የለም። ስለዚህ ዛሬ ስለ ሚዛን ልንገራችሁ።

ስራው መንገድ የማይደርስበት ቦታ መድረስ ነው። ክትባት፣ አስተማሪ፣ የትምህርት ቤት ቆርቆሮ፣ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ምጥ የጠናባት እናት፣ ሁሉም በአንድ ትንሽ አውሮፕላን ይመላለሳል። ፓፑዋ ኒው ጊኒን እንውሰድ። ዋና ከተማዋን ፖርት ሞርስቢን ከደጋማው የአገሪቱ ክፍል ጋር የሚያገናኝ የመኪና መንገድ የለም። በእግር ቀናት የሚፈጅ ጉዞ በአየር ደቂቃዎች ነው። የሚታረፍበትን ሜዳ ብዙ ጊዜ የሚያወጡት የመንደሩ ሰዎች ራሳቸው ናቸው፤ በዶማና በአካፋ ተራራ ቆርሰው፣ አንዳንዴ ዓመታት ፈጅቶባቸው። ሳሩን የሚያጭዱትም እነሱ ናቸው። ይህን አትርሱ። ስታርፉ እንግዶቹ እናንተ ናችሁ።

ወደ ሚዛኑ ልመለስ። እኛ ጋ ሳይመዘን የሚገባ ነገር የለም። ሰው ይመዘናል፣ ከረጢት ይመዘናል፣ የታሰረች ዶሮም ትመዘናለች። መጀመሪያ አካባቢ ያሳፍራል፣ በተለይ ሽማግሌን «አባቴ፣ እዚህ ላይ ይቁሙልኝ» ማለት። ግን ሴስና 206 የምትባለው ትንሽ አውሮፕላን ራሷን፣ ነዳጇንና ጭነቷን ደምራ ለመነሳት የተፈቀደላት ክብደት 1,633 ኪሎ ነው። እሱም ቢሆን አየሩ ወፍራም፣ ሜዳው ረጅም ሲሆን ነው። ከባህር ወለል 1,500 ሜትር ከፍ ያለ ሜዳ ላይ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ከደረሰ አየሩ ይሳሳል፣ አውሮፕላኗም 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ እንዳለች ትሆናለች። አየር አጭቆ የሚያስገባለት ቱርቦ የሌለው ሞተር እዚያ ሩብ ያህል ጉልበቱን ያጣል። ክንፉ የሚደገፍበት፣ ፕሮፔለሩም የሚገፋው አየር ያንሰዋል። ትናንት ጠዋት በደንብ የበቃችሁ ሜዳ ዛሬ ከሰዓት አጭር ነው። አንድ ክንድ ሳይቀነስለት።

ሌላም አለ። ከሜዳዎቹ ብዙዎቹ ተዳፋት ናቸው፤ ሽቅብ ይታረፋል፣ ቁልቁል ይነሳል። ጫፉ ላይ የቆመው ተራራ ስለሆነ ለማረፍ ስትጠጉ ከአንድ ነጥብ ካለፋችሁ በኋላ ሀሳብ መቀየር የሚባል ነገር የለም፣ ማረፍ ብቻ ነው። ስትነሱም እንደዚያው፣ እዚህች ምልክት ጋ ስደርስ ይህን ያህል ፍጥነት ካልያዝኩ አቆማለሁ ብላችሁ የምትወስኑት ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት ነው። እየሮጣችሁ የሚወሰን ውሳኔ ሁሌም ወደ ተስፋ ያደላል።

አሁን ቀስ ብላችሁ አንብቡልኝ። በዚህ ስራ ላይ የሚከብደው ነፋሱ አይደለም፣ ደመናውም አይደለም። ርህራሄ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በሬዲዮ ተጠራሁ። ወልዳ ደም የሚፈሳት ሴት ነበረች። ሜዳው ላይ ሲዘንብ ውሎ ሳሩ ረጥቧል፣ ሸለቆውን ደመና እየሞላው ነው፣ ለመምሸት ከአንድ ሰዓት ብዙም አይቀርም። ሄድኩ። ሸለቆው አፍ ላይ ሁለቴ ዞርኩ፣ ቀዳዳ ፈለግኩ። ልቤ «ግባ» ይለኛል፣ ዓይኔ ግን ተራራውን አያየውም። ተመለስኩ። ሌሊቱን ልብሴን ሳላወልቅ አደርኩ። ጎህ ሲቀድ ሰማዩ ጠርቶ ነበር፣ በመጀመሪያው ብርሃን ደረስኩ። ሴትዮዋ ሌሊት አርፋለች።

ባሏ ሜዳው ዳር ቆሞ ነበር። ምን እንደምለው አላወቅኩም። እሱ ግን እጄን ያዘና «ትናንት ድምጽህን ሰምተን ነበር፣ ከደመናው በላይ ስትዞር» አለኝ። ሌላ ምንም አላለም። ሰላሳ ዓመት ሊሆነው ነው፣ እስካሁን ይሰማኛል። ያን ቀን ብገባ ኖሮ እሷን አላድናትም፣ እኔንም፣ አውሮፕላኗንም፣ በዚያች አንዲት አውሮፕላን ላይ የተንጠለጠሉትን ሌሎች መንደሮችም አጥቼ ነበር። ይህን አውቀዋለሁ። ማወቄ ግን ሀዘኑን አላቀለለውም፤ ያቀልልኛል ብላችሁ አትጠብቁ። ትክክል የሆነ ውሳኔም ያስለቅሳል።

ብዙዎቻችሁ የኔት ሴይንትን ታሪክ ሰምታችሁ ነው የምትመጡት። ጥር 1956 እ.ኤ.አ. ኢኳዶር ጫካ ውስጥ ከአራት ጓደኞቹ ጋር የተገደለው አብራሪ ነው። ሰው የሚያወራው ስለ አሟሟቱ ነው። እኔ ግን አኗኗሩን እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ። ሴይንት መካኒክ ነበር። በ1945 እ.ኤ.አ. ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱ አብራሪዎች የሚሽን አቪዬሽን ድርጅታቸውን አሜሪካ ውስጥ አቋቋሙ፣ በጦርነቱ ጊዜ ለአገሯ ጦር ትበር የነበረችው ቤቲ ግሪንም በየካቲት 1946 የመጀመሪያዋን አውሮፕላናቸውን ወደ ሜክሲኮ አበረረች። አዎ፣ የድርጅቱ የመጀመሪያ አብራሪ ሴት ናት፤ እህቶች ልብ በሉ። አውሮፕላኗ ብዙም ሳትቆይ ተሰበረች። ያኔ ሜክሲኮ ድረስ ተልኮ የጠገናት ሴይንት ነው። በኋላ ኢኳዶር ሲያገለግል እሱም ተከስክሶ ጀርባው ተጎድቶ ነበር። ነጠላ ሞተር ጫካ ላይ ነዳጅ ቢቋረጥበትስ ብሎ አሰበና ከቆርቆሮ ትንሽ መጠባበቂያ ታንክ ሰራ፣ ዋናውን ነዳጅ አየር ላይ ሆን ብሎ ዘግቶ ሞከረው። ረጅም ገመድ አንጠልጥሎ ጠበብ ባለ ክብ ሲዞር ገመዱ ጫፍ ላይ ያለው ቅርጫት መሀል ላይ ቀጥ ብሎ እንደሚቆም አስተዋለ፣ በዚያም ማረፊያ ለሌላቸው ሰዎች ዕቃ አወረደ። ድፍረት ብቻ ያለው ሰው እንዲህ ያለ ታንክ ለመስራት አይቀመጥም።

ስለዚህ መፍቻ መያዝ ተማሩ። የንግድ በረራ ፈቃድ፣ ውጭው በማይታይበት ጊዜ የአውሮፕላኑን መሳሪያ ብቻ እያነበቡ የመብረር ብቃት፣ ከተቻለ የጥገና ፈቃድም ያስፈልጋችኋል። ረጅም ነው፣ ውድም ነው። በዕዳ ተዘፍቃችሁ አትምጡ። በየድርጅቱ ብዙዎች ኑሯቸውን የሚሸፍኑት አብያተ ክርስቲያናትና ወዳጆች በሚያዋጡላቸው ገንዘብ ስለሆነ የትምህርት ብድር የተሸከመ ሰው መንገድ ላይ ይቀራል፤ ጎበዝ ልጆች በዚህ ሲቀሩ አይቻለሁ። መብረር የማትችሉም ብትሆኑ እንፈልጋችኋለን። ሂሳብ የሚይዝ፣ ሬዲዮ የሚጠግን፣ የነዳጅ በርሜል ውስጥ ውሃ እንዳይገባ የሚጠነቀቅ ሰው ከሌለ አብራሪው መሬት ላይ ነው። ነዳጅ ካልኩ አይቀር፣ የፒስተን ሞተር የሚጠጣው የአቪዬሽን ቤንዚን ሩቅ ቦታ እየጠፋና እየተወደደ ነው። በጄት ነዳጅ ወደሚሰሩ የተርባይን አውሮፕላኖች የተዞረው በዚህም ምክንያት ነው። በ2007 እ.ኤ.አ. ፈቃድ ያገኘችው ባለ ተርባይኗ ኮዲያክ 100 ለአጭርና ለሸካራ ሜዳ ታስባ የተሰራችው ይህንኑ ስራ ከልብ በሚያውቁ ሰዎች ነው። ስለ ተርባይን አንብቡ።

ባለፈው ጊዜ አንዲት ያሰለጠንኳት ልጅ ታማሚ ልታመጣ ሄዳ በሬዲዮ «ነፋሱ ከጀርባ ነው፣ ሜዳው ረጥቧል፣ ተመልሻለሁ» አለችኝ። ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር። እሺ ብቻ አልኳት። አርፋ ሞተሩን ስታጠፋ ወዲያው አልወረደችም፣ እጇን መሪው ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ምንም አልጠየቅኳትም። ገመዱን አመጣሁና ክንፉን ማሰር ጀመርኩ። ትንሽ ቆይታ ወረደች፣ ሌላኛውን ክንፍ አሰረች፣ ከዚያ ሁለታችንም የነገ ጠዋቱን አየር ለመጠየቅ ወደ ሬዲዮው ሄድን።