ከመለወጣችሁ በፊት የሞተውን ጠይቁት

በጎንደር ወፍጮ ቤቶች፣ በሰሊጥ ማበጠሪያዎችና በጋራዦች ለምትሠሩ፣ ከዩኒቨርሲቲም በሜካኒካል ምሕንድስና ተመርቃችሁ ሥራ ለጀመራችሁ ልጆቼ፤

የተበላሸ ኩሽኔታ፣ ማለትም ዘንግ በቀላሉ እንዲዞር የሚይዘውን በሁለት ቀለበቶች መካከል ኳሶች ያሉበት ዕቃ፣ ስታወልቁ ወዲያው ወደ ቁርጥራጭ ብረት ክምር አትወርውሩት። አብዛኛው ባለሙያ አሮጌውን ይጥላል፣ አዲስ ይገጥማል፣ ገንዘቡን ተቀብሎ ይሄዳል። ጥቂት ወራት ሳይቆይ ባለ ወፍጮው ይመለሳል፤ ጥፋቱም «የዛሬ ዕቃ አይረባም» ተብሎ በነጋዴው ይላከካል። ተመሳስሎ የተሠራ ዕቃ በገበያው እንዳለ አልክድም። ግን ነጋዴው ያለ ጥፋቱ የሚወቀስበት ጊዜ ይበዛል።

መጀመሪያ ቁጥሩን አንብቡ። 6205 የሚለውን ሁሉም ያውቀዋል፤ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው። 6 ባለ ኳስ ኩሽኔታ መሆኑን ያሳያል፣ 2 የመጠን ተራውን ይነግራል፣ የመጨረሻዎቹን 05 በ5 ብታባዙ 25 ሚሊ ሜትር የቀዳዳውን ስፋት ታገኛላችሁ። ከቁጥሩ ቀጥሎ አርኤስ ከተጻፈ የጎማ መከለያ አለው፤ ዜድ ከሆነ የቆርቆሮ ነው። የዱቄት ብናኝ ባለበት ቤት የቆርቆሮውን መግጠም ገንዘብ መጣል ነው።

ከዚያ አሮጌውን በናፍጣ እጠቡት፤ ዓይናችሁን ሸፍናችሁ ውጫዊውን ቀለበት በግራይንደር ቆርጣችሁ ክፈቱትና ውስጡን ወደ ብርሃን አዙሩት። ብረቱ ሰማያዊ ከሆነ ግሞ ነበር ማለት ነው፤ ግሪስ ጠፍቶበታል ወይም በዝቶበታል። አዎ፣ ግሪስ ሲበዛም ያሞቃል፤ ከባዶው ቦታ ከሲሶ እስከ ግማሽ ከሞላ ይበቃዋል። በኳሶቹ መካከል ባለው ርቀት ልክ የተደረደሩ ትናንሽ ጉድጓዶች ካያችሁ፣ ሲገጠም በመዶሻ ተቀጥቅጧል። በጥብቅ የሚገባው በዘንጉ ላይ ያለው ቀለበት ከሆነ ኃይሉ በዚያ ቀለበት ላይ ብቻ ይረፍ፤ ወይም መከለያ የሌለውን ኩሽኔታ እስከ 110 ዲግሪ አሙቁትና በእጅ ይገባል። ቀጫጭን መስመሮች ጎን ለጎን ተሰልፈው ካገኛችሁ ደግሞ ኤሌክትሪክ አልፎበታል፤ ምናልባት በያጁ የመሬት ሽቦውን ከማሽኑ አንድ ጫፍ አስሮ በሌላው ጫፍ ሲበይድ ነበር። የመሬት ሽቦ የሚታሰረው ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ነው።

ኳሶቹ የሄዱበት መንገድ በውጫዊው ቀለበት ላይ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ካዘነበለ ዘንጉ ቀጥ ብሎ አልተቀመጠም። ይህ ችግር አዲስ አይደለም። ስቬን ዊንግኲስት የተባለው ስዊድናዊ መሐንዲስ በጎተንበርግ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሲሠራ፣ ከሥር ያለው ሸክላ አፈር እየሰጠመ ረጃጅሞቹን ዘንጎች ያዛባና ኩሽኔታውን ይጨርስበት ነበር። ሌላ ኩሽኔታ ከማዘዝ ይልቅ መንሥኤውን ያዘና በ1907 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ራሱን የሚያስተካክል ኩሽኔታ ሠራ።

እዚህ የማየው በብዛት ግን የቺንጋ፣ የሞተሩን ጉልበት ወደ ወፍጮው የሚያደርሰው ቀበቶ፣ ጣጣ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የናፍጣ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። የኤሌክትሪክ ሞተርም ቢሆን በታርጋው ላይ ያለው ጉልበት በተለምዶ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ታስቦ የተጻፈ ነው። ባለቤቱ ወፍጮው ሲደክምበት ቺንጋው የተንሸራተተ ይመስለውና ይወጥረዋል፤ ሲደክም እንደገና ይወጥራል። ጉልበት አይጨምርለትም፤ ጭነቱ ግን በሙሉ ኩሽኔታው ላይ ይወድቃል። በባለ ኳስ ኩሽኔታ ጭነቱ እጥፍ ሲሆን ዕድሜው ወደ አንድ ስምንተኛ ይወርዳል። ስለዚህ ቺንጋው በሚዞርባቸው በሁለቱ ጎማዎች፣ በፑሊዎቹ፣ ፊት ላይ ክር ወጥራችሁ መስመራቸውን እዩ። መካከላቸው አንድ ሜትር ከሆነ ቺንጋው ለዓይነቱ በተወሰነው ኃይል መሃሉን ሲጫኑት 16 ሚሊ ሜትር ያህል ይጎድጉድ። ሦስት ቺንጋ ካለና አንዱ ከተበጠሰ ሦስቱንም ለውጡ፤ አለዚያ አዲሱ ብቻውን ይሸከማል።

ዘንጉ ተበልቶ ኩሽኔታው ሲላላ የዘንጉን ገጽ በመምቻ ነጥብ ነጥብ እየመቱ ማጥበቅ የሚባል ልማድ አለ። ማታለል ነው፤ ሌላ ስም የለውም። ዘንግ ወደሚቀረጽበት ቶርኖ ቤት ስትሄዱም «እንዲገባ አድርገህ ቁረጥልኝ» አትበሉ፤ ልኩን እስከ መቶኛ ሚሊ ሜትር ጽፋችሁ ስጡ፣ ስትረከቡም በማይክሮሜትር ለኩት።

ባለቤቱ «ኩሽኔታ ለውጥ ብዬ ጠርቼህ ክር ስትወጥር ዋልክ» ማለቱ አይቀርም። አትቆጡ፤ የተቆረጠውን ቀለበት አሳዩትና ያዘነበለውን መንገድ በጣቱ ይዳስሰው። የምርመራውን ዋጋ ግን ብሎን ከመፍታታችሁ በፊት ተስማሙ፤ እኔም ጎንደሬ ነኝና ከሥራው በኋላ የሚነሣ የዋጋ ክርክር ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ አውቀዋለሁ።