የእጅ ንግግር በካሜራ ፊት፦ ስለ «ኮዳ» ፊልም ከአንባቢያን የቀረቡ ጥያቄዎች

ጥያቄ፦ «ኮዳ» በተባለው የአሜሪካ ፊልም አባት፣ እናትና ወንድም አይሰሙም፤ ልጃቸው ሩቢ ብቻ ትሰማለች። እንዲህ ያለ ቤተሰብ በእውነት አለ?

መልስ፦ አለ። መስማት የተሳናቸው ወላጆች ከሚወልዷቸው ልጆች አብዛኞቹ ይሰማሉ። ወላጅ የመስማት ችሎታውን ያጣው በልጅነቱ በማጅራት ገትር ከሆነ ለልጁ የሚያወርሰው ነገር የለም። በዘር የመጣ ከሆነ ደግሞ እንደ ጂኑ ይለያያል። አንዳንዱ ዓይነት የሚታየው ልጁ ከአባትም ከእናትም የተለወጠ የጂን ቅጂ ሲወርስ ብቻ ነው፤ ሌላው ዓይነት ግን አንድ ቅጂ ይበቃዋል። አንደኛው ወላጅ ይህን ሁለተኛውን ዓይነት ይዞ ለልጁ የማስተላለፍ ዕድሉ አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ በግማሽ ነው፤ ስለዚህ አንዱ ልጅ ሰምቶ ወንድሙ ባይሰማ የሚያስገርም አይደለም።

ጥያቄ፦ ሐኪሙ ስለ ወላጆቿ የግል ሕመም ሲናገር የምታስተረጉመው ራሷ ሩቢ ናት። በአሜሪካ ይህ ይፈቀዳል?

መልስ፦ አይፈቀድም። ታሪኩ የሚካሄደው በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ግሎስተር በተባለች የዓሣ አጥማጆች ከተማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 የወጣውን የአካል ጉዳተኞች ሕግ ለማስፈጸም ከ2011 ጀምሮ የሚሠራበት ደንብ፣ አካለ መጠን ያልደረሰን ልጅ በአስተርጓሚነት መጠቀምን ይከለክላል። ልዩ ሁኔታው አንድ ነው፦ የሰውን ደኅንነት ወዲያው የሚያሰጋ ድንገተኛ ሁኔታ ተፈጥሮ ሌላ አስተርጓሚ ሳይገኝ ሲቀር። ብቁ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታው የሕክምና ተቋሙ ነው፤ ወጪውንም በታካሚው ላይ መጫን አይችልም። ትዕይንቱ የተሠራው ለማሳቅ ቢሆንም ክልከላው ከባድ ምክንያት አለው። ልጅ ያፍራል፣ ያሳጥራል፣ ክፉ ወሬ ሲሆንበትም ያለዝባል፤ ታካሚው ደግሞ ምን እንደቀረበት ማወቂያ የለውም።

ጥያቄ፦ ሁለት እህትማማቾች በምልክት ቋንቋ የሚያወሩበት አጭር ፊልም ልንሠራ ነው። በሙከራ ቀረጻው ጣቶቻቸው ደበዘዙ፤ ኤዲት ስናደርገውም ንግግሩ ተቆራረጠ። ተዋናዮቹ የሚሰሙ ናቸው፤ በሁለት ወር ልናሠለጥናቸው አስበናል።

መልስ፦ ከመጨረሻው እንጀምር፤ ሁለት ወር አይበቃም። የሩቢን ገጸ ባሕርይ የተጫወተችው ኤሚሊያ ጆንስ ዘጠኝ ወር ያህል ተምራለች፤ እሷም ብትሆን የምትጫወተው የምትሰማውን ልጅ ነው። የቤተሰቡን አባላት የተጫወቱት ማርሊ ማትሊን፣ ትሮይ ኮትሰርና ዳንኤል ዱራንት ሁሉም መስማት የተሳናቸው ናቸው። ኮትሰር በዚህ ሚናው እ.ኤ.አ. በ2022 ኦስካር ተሸልሟል። ፊልሙ መነሻ ያደረገው እ.ኤ.አ. የ2014ቱ የፈረንሳይ ፊልም የወላጆቹን ሚና ለሚሰሙ ተዋናዮች በመስጠቱ ብርቱ ትችት ደርሶበታል። እናንተም መስማት የተሳናቸው ተዋናዮች ፈልጉ።

የጣቶቹ መደብዘዝ የሸተር፣ ማለትም ካሜራው ለእያንዳንዱ ፍሬም (ነጠላ ምስል) ብርሃን የሚያስገባበት ጊዜ፣ ጉዳይ ነው። በሰከንድ 24 ፍሬም ሲቀረጽ የተለመደው 1/48 ወይም 1/50 ሰከንድ ለሚራመድ ሰው ይስማማል፤ ቃልን ፊደል በፊደል በምልክት ለሚጽፉ ጣቶች ግን ይዘገያል። ወደ 1/100 ከፍ አድርጉት፤ ኤሌክትሪኩ 60 ኸርዝ በሆነበት አገር መብራቱ ብልጭ ድርግም እንዳይል 1/120 ይሻላል። የሚገባው ብርሃን በግማሽ ስለሚቀንስ መብራት ጨምሩ። አፐርቸሩን (የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ) በሰፊው ኤፍ 1.8 አትተዉት፤ ፊቱ ጥርት ብሎ ወደፊት የተዘረጋው እጅ ከፎከስ ይወጣል። ከኤፍ 4 እስከ 5.6 ያለው ይበጃል።

መቆራረጡ የሚመጣው ከኤዲቲንግ ልማድ ነው። በድምፅ ንግግር ኤዲተሩ ተናጋሪውን ትቶ የሰሚውን ፊት ቢያሳይ ቃሉ ይቀጥላል፤ እዚህ ግን ምስሉ ሲሄድ ቃሉም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ እህትማማቾቹን በጠረጴዛ ማዕዘን ላይ አስቀምጧቸው፤ እርስ በርስ እየተያዩ የሁለቱም እጅ በአንድ ፍሬም ይገባል። ከወገብ በላይ ቅረጹ፤ በጎንና በጎን ለክርን ቦታ ተዉ። እጅን ብቻ ማሳየትም ንግግሩን ያጎድላል፤ ሰዋስው ፊት ላይም አለና። ለምሳሌ በአሜሪካ የምልክት ቋንቋ «አዎ» ወይም «አይ» የሚያስመልስ ጥያቄ ቅንድብ ተነሥቶ፣ «ለምን» ወይም «ማን» የሚለው ቅንድብ ተኮሳትሮ ይጠየቃል። ለሰብታይትል ደግሞ የፍሬሙን ታችኛ ክፍል ባዶ አድርጉ፤ አለበለዚያ ጽሑፉ ሆድ አካባቢ የሚሠሩትን ምልክቶች ይሸፍናል።

ሞኒተሩ ጋም ሆነ ኤዲቲንግ ክፍሉ ውስጥ ቋንቋውን አፉን የፈታበት ሰው ይቀመጥ። ጥቂት ፍሬም ቀድሞ የተቆረጠ ምልክት ትርጉሙ ሊለወጥ ይችላል፤ ይህንን የሚያየው እሱ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ በትምህርት ቤቱ ኮንሰርት መሐል ድምፁ ጠፋብኝ። የቴሌቪዥኔ ችግር ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ዳይሬክተሯ ሲያን ሄደር ሆን ብላ ያደረገችው ነው። ሩቢ እየዘፈነች ድምፁ ሲቆም ተመልካቹ ቤተሰቧ በተቀመጠበት ወንበር ይቀመጣል፤ እነሱም መዝሙሩን ከሌላው ታዳሚ ፊት ለማንበብ ይሞክራሉ። ይህ ውሳኔ የሠራው በቀሪው ፊልም ቤቱ ጫጫታ ስለሆነ ነው፤ ሳህን ይንኳኳል፣ ወንበር ይጎተታል፣ ሩቢ የቤት ሥራዋን መሥራት ያቅታታል። መስማት የተሳናቸውን ሰዎች ቤት ጸጥ ያለ አድርገው የሚቀርጹ ፊልሞች ይህን ይስታሉ፤ የእጅ መጋጨት፣ ትንፋሽና የልብስ ኮሽታ በማይክሮፎን መቀዳት አለበት።