እንግሊዝኛ ሳይችሉ ጀርመንኛ መማር ይቻላል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ስለ ጀርመንኛ ትምህርት ከደሴና ከኮምቦልቻ ለደረሱን ደብዳቤዎች መልስ የሚሰጡን፣ በወጣትነታቸው ላይፕዚግ ከተማ በሄርደር ኢንስቲትዩት ጀርመንኛ ተምረው ዛሬ ደሴ ውስጥ ጀማሪዎችን የሚያስተምሩ አንጋፋ መምህር ናቸው።

ጥያቄ፦ የተከበሩ መምህር፣ እኔ ኮምቦልቻ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ በፈረቃ የምሠራ የ34 ዓመት ሰው ነኝ። ባለቤቴ ፍራንክፈርት ትኖራለች። ወደ እሷ ለመሄድ የጀርመንኛ ኤ1 (የጀማሪዎች የመጀመሪያ ደረጃ) ፈተና ማለፍ አለብህ ተብያለሁ። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ከ10ኛ ክፍል ስለሆነ እንግሊዝኛዬ ደካማ ነው፤ የገዛሁት የጀርመንኛ መጽሐፍ ደግሞ ማብራሪያው ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው። አንዱን ሳላውቅ ሌላውን እንዴት እማራለሁ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አብሽሩ። ይቻላል። መጽሐፉን ለጊዜው መደርደሪያ ላይ ያኑሩትና ከአማርኛ በቀጥታ ወደ ጀርመንኛ ይግቡ። ይህን የምለው ለማጽናናት አይደለም። ጀማሪዎችን ሳስተምር የኖርኩት በዚህ መንገድ ነው፤ ጀርመንኛን በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ መማር ብዙ ተማሪ ያለ ጥፋቱ የሚደክምበት መንገድ መሆኑንም በዓይኔ አይቻለሁ።

ምክንያቱን ላሳይዎ። «ቡናው ትኩስ ነው» ሲሉና «ቡናውን እጠጣለሁ» ሲሉ ቡናው መልኩን ይለውጣል፤ ድርጊቱን ሲቀበል «ን» ይጨምራል። ጀርመንኛም እንዲሁ ያደርጋል። «ዴር ካፌ ኢስት ሃይስ» ማለት ቡናው ትኩስ ነው፤ «ኢሽ ትሪንከ ዴን ካፌ» ማለት ደግሞ ቡናውን እጠጣለሁ። «ዴር» ወደ «ዴን» ተለወጠ። እንግሊዝኛ በዚህ ቦታ ምንም ስለማይለውጥ መጽሐፍዎ ገጾች ሙሉ ያብራራል። እርስዎ ግን ከእናትዎ ጋር ማውራት ከጀመሩ ጊዜ አንስቶ «ን»ን በትክክለኛው ቦታ ሲያስገቡ ኖረዋል። አንድ ልዩነት ብቻ ይያዙ፦ በጀርመንኛ በዚህ ቦታ የሚለወጠው የወንዴው መስተአምር (ከስሙ ፊት ቆሞ ጾታውን የሚያሳየው «ዴር») ብቻ ነው፤ የሴቴው «ዲ» እና ወንዴም ሴቴም ያልሆነው «ዳስ» እንዳሉ ይቀራሉ።

ሁለተኛው ነገር የግሥ ቦታ ነው። «ኢሽ ካን ዶይች ሽፕሬሸን» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ቃል በቃል ቢዘረዝሩት «እኔ እችላለሁ ጀርመንኛ መናገር» ይሆናል። «እችላለሁ» ሁለተኛው ቦታ ላይ ይቀመጣል፤ «መናገር» ግን መጨረሻ ላይ ይጠብቃል። ወደ ቀጣዩ ደረጃ፣ ወደ ኤ2 ሲሻገሩ ደግሞ «ስለታመምኩ» የሚለውን ዓይነት ሐረግ ሲመሠርቱ ግሡ ሙሉ በሙሉ ወደ መጨረሻ ይሄዳል፦ «ቫይል ኢሽ ክራንክ ቢን»። ዓረፍተ ነገሩን እስከ ግሡ ድረስ በትዕግሥት መጠበቅ ለአማርኛ ተናጋሪ አዲስ ሥራ አይደለም።

ሦስተኛው አክብሮት ነው። ጀርመኖች ለቅርብ ሰው «ዱ»፣ ለማያውቁትና ለሚያከብሩት «ዚ» ይላሉ፤ ከ«ዚ» ጋር የሚሄደው ግሥ «እነሱ» ከሚለው ጋር የሚሄደው ነው። እኛም «እርስዎ ይመጣሉ»፣ «እነሱ ይመጣሉ» ስንል ግሡ አንድ ነው። ወሎ ውስጥ አንቱ እያለ ያደገ ሰው ይህን ሕግ ሊማረው አያስፈልገውም፤ መቼ «ዱ» ማለት እንደሚፈቀድ ብቻ መጠንቀቅ ይበቃዋል። በፈተናውና በመሥሪያ ቤት ሁሉ «ዚ» ይበሉ።

የእኛና የጀርመኖች የቋንቋ ወዳጅነት ራሱ ያለ እንግሊዝኛ የተጀመረ መሆኑን ቢያውቁ ደስ ይለኛል። የጥንቱ ቤተ አምሐራ፣ ማለትም የዛሬው ወሎ አካባቢ ተወላጅ የነበሩት አባ ጎርጎርዮስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1649 ሮም ላይ ከጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ ጋር ተገናኙ። በ1652 ደግሞ ጀርመን አገር ጎታ ድረስ ሄደው አብረው ሠሩ። መጀመሪያ የተግባቡት በግዕዝ ነበር። ሉዶልፍ ከእሳቸው በተማረው ላይ ተመሥርቶ በ1698 የአማርኛን ሰዋስው አሳተመ። የእኛን አገር ሰው ጠይቆ፣ አፍ ለአፍ ተነጋግሮ የተማረ ጀርመናዊ ነው፤ እርስዎም በዚያው መንገድ ይማሩ፤ ቃሉን ጮክ ብለው ይበሉት፤ ባለቤትዎ በስልክ ታርምዎት። ፍራንክፈርት የምትኖር ባለቤት ያለው ተማሪ ቤቱ ውስጥ መምህር አለው ማለት ነው።

አሁን ወደ ፈተናው። ኤ1 አራት ክፍሎች አሉት፦ ማዳመጥ፣ ማንበብ፣ መጻፍና መናገር። ከ100 ነጥብ 60 ያገኘ ያልፋል። በማዳመጥ ውስጥ በጣቢያና በመደብር የሚነገር ማስታወቂያ የያዘው ሁለተኛው ክፍል አንድ ጊዜ ብቻ ይሰማል፤ የቀሩት ሁለት ጊዜ ይሰማሉ። ስለዚህ እዚያ ላይ ያመለጠን ቁጥር ተመልሶ መስማት የለም። በመናገር ክፍል ራስዎን ያስተዋውቃሉ፤ ስምዎን ፊደል በፊደል እንዲናገሩና ቁጥር እንዲጠሩ ሊጠየቁ ይችላሉ። እዚህ ላይ እንግሊዝኛ የሚያውቁት ይበልጥ ይሰናከላሉ፤ የጀርመኖቹ «ኢ» በእንግሊዝኛ «አይ» ተብሎ የሚጠራው ፊደል ነው፤ «ኤ» የሚሉት ደግሞ እንግሊዞቹ «ኢ» የሚሉት ነው። የስምዎን ፊደላት በጀርመንኛ አጠራር ብቻ፣ በሌላ ሳይቀላቅሉ ያጥኑ።

ለእርስዎ በተለይ የምጨነቀው ለሰዓት ነው። እኛ ከጠዋቱ 12 ሰዓት የምንለውን እነሱ 6 ይሉታል፤ ይህን በስድስት መጨመርና መቀነስ እንወጣዋለን። ከዚያ በኋላ ያለው ግን የከበደ ነው፦ «ሃልፕ ዚበን» ሲሉ «ሰባት ተኩል» የሚመስል ነገር ይሰማሉ፤ ትርጉሙ ግን ለሰባት ግማሽ ሰዓት ሲቀረው፣ ማለትም ስድስት ተኩል ነው። በእኛ አቆጣጠር 12 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። ፈረቃ የሚጀምሩበትን፣ የሚወጡበትን፣ ሻይ የሚጠጡበትን ሰዓት ሁሉ በየቀኑ በጀርመንኛ ለራስዎ ይንገሩ። በባቡር ጣቢያ ማስታወቂያ ላይ ደግሞ ቀኑን በ24 ሰዓት ስለሚቆጥሩ ከምሽቱ 2 ሰዓት «20 ኡር» ነው። ቁጥሮቹም ከኋላ ይጀምራሉ፤ 21 «አንድና ሃያ» ተብሎ ነው የሚነገረው። ስልክ ቁጥር በሁለት በሁለት አሐዝ ሲነገርዎ የሰሙትን አንዱን አሐዝ ወዲያው ጽፈው ከፊቱ ለሃያው ቦታ ይተዉ።

ፈተናውን አዲስ አበባ የሚገኘው ጎተ ኢንስቲትዩት ይሰጣል። ቀንና ክፍያ ስለሚለዋወጥ በቀጥታ ከኢንስቲትዩቱ ይጠይቁ፤ ከደሴ መንገድ የምንሄድ ሰዎች ከፈተናው አንድ ቀን ቀድመን እዚያ ማደር ይገባናል።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በነርሲንግ ተመርቄ ደሴ ውስጥ በአንድ ክሊኒክ እሠራለሁ። ጀርመን አገር በሙያዬ መሥራት እፈልጋለሁ። ኤ1 ይበቃኛል? «ዴር፣ ዲ፣ ዳስ» ደግሞ ፈጽሞ አልያዝ አሉኝ። (ከሸዋ በር፣ ደሴ)

መልስ፦ ልጄ፣ ኤ1 አይበቃሽም፤ ይህን ቀድመሽ ማወቅሽ ዕቅድሽን ያስተካክልልሻል። ከኤ1 በኋላ ኤ2፣ ቢ1፣ ቢ2 አሉ። በነርስነት ሙያሽ እንዲታወቅልሽ ብዙውን ጊዜ ቢ2 ይጠየቃል፤ በሽተኛ የነገረሽን ሳትረጂ መድኃኒት መስጠት ስለማይቻል ጥያቄያቸው ተገቢ ነው።

ስለ ሦስቱ መስተአምሮች፦ ስሙን ብቻውን አትያዢው። «ቲሽ» ብለሽ ከያዝሽ በኋላ ጾታውን መፈለግ ሁለት ሥራ ነው፤ «ዴር ቲሽ» ብለሽ እንደ አንድ ቃል ያዢው። የተጣመሩ ቃላት ደግሞ የሚታዘዙት ለመጨረሻው ቃላቸው ነው። ከሙያሽ ልውሰድልሽ፦ ሆስፒታል «ዳስ ክራንከንሃውስ» ነው፣ ምክንያቱም «ሃውስ» ዳስ ነው። ነርሷ «ዲ ክራንከንሽቬስተር» ናት፣ «ሽቬስተር» ዲ ስለሆነ። አምቡላንሱ «ዴር ክራንከንቫገን» ነው፣ «ቫገን» ዴር ስለሆነ። ሦስቱም መስተአምሮች በአንድ የሥራ ቀንሽ ውስጥ አሉ። (ነርሷን በዚህ ስም በየቀኑ ንግግር ውስጥ ትሰሚዋለሽ፤ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2020 ጀምሮ የሙያው ይፋዊ መጠሪያ ግን ተለውጧል።) በ«ኡንግ» የሚያልቅ ስም ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ «ዲ» ነው፤ በ«ሸን» የሚያልቅ የማሳነሻ ስም «ዳስ» ነው፤ ለዚህም ነው ልጃገረድ እንኳ «ዳስ ሜትሸን» የምትባለው። እኛ ዕቃን በፍቅር ስንጠራ አንዴ «እሱ» አንዴ «እሷ» እንላለን። እነሱ አይፈቅዱም፤ ጾታው አንዴ ተወስኗል።

ጥያቄ፦ አነጋገሬ ያሳፍረኛል። አስቸጋሪዎቹን ድምፆች እንዴት ልያዝ? (ከቧንቧ ውሃ፣ ደሴ፤ የ11ኛ ክፍል ተማሪ)

መልስ፦ አትፈር። «ኢ» እያልህ፣ ምላስህን ሳታንቀሳቅስ፣ ከንፈርህን «ኡ» እንደምትል አሹለው፤ ሁለት ነጥብ ያለበት «ኡ» ያ ነው። «ኤ» እያልህ ከንፈርህን ለ«ኦ» አክብበው፤ ሁለት ነጥብ ያለበት «ኦ» ያ ነው። «ኢሽ» ብዬ የጻፍኩት ቃል መጨረሻው በእውነት «ሽ» አይደለም፤ «ይ» ለማለት ምላስህን አዘጋጅና ድምፅ ሳታወጣ ትንፋሹን ብቻ ልቀቀው። ጀርመኖች «ትስ» ብለው የሚያነቡትን፣ በእንግሊዝኛ «ዜድ» የምትለውን ፊደል እንደ እኛ «ጽ» አታፈንዳው። የሬዲዮ ጣቢያው ስም «ዶይቸ ቬለ» መሆኑን አስታውስ፤ በእንግሊዝኛ «ደብሊው» የምትለውን ፊደል ጀርመኖች «ቭ» እንደሚያደርጉት ከዚያ ታውቃለህ። ጣቢያው ለጀማሪዎች በኢንተርኔት የሚሰጠው የጀርመንኛ ትምህርትም በነፃ ነው። ስልክህ ላይ ድምፅህን ቅዳና ከእነሱ ጋር አነጻጽረው።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው ፈተና ሳትቀመጥ የኤ1 ምስክር ወረቀት በገንዘብ አወጣልሃለሁ አለኝ። ልመነው? (ስሜ ይቆይ፣ ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አይመኑት፤ አንድ ሳንቲም አይስጡት። ምስክር ወረቀቱ ከሰጪው ተቋም ዘንድ ሊጣራ ይችላል፤ ኤምባሲ ላይም ቃለ መጠይቅ አድራጊው በጀርመንኛ ሊያነጋግርዎ ይችላል። ሐሰተኛ ሰነድ ማቅረብ ለወደፊት ማመልከቻዎም ጠንቅ ነው። ያንን ገንዘብ ለመምህርና ለፈተናው ክፍያ ያውሉት፤ መነሻ ካጡ ደሴ ይምጡና የመጀመሪያዎቹን ፊደላት አብረን እንጀምራለን።