ስለ መጋዝ ዘይት ጠይቁኝ

ሱሉልታ በኩል ባሕር ዛፍ ስቆርጥ፣ መጋዝም ስጠግን ዓመታት ሆኖኛል። በሞተር መጋዝ ሰንሰለት ላይ ስለሚፈሰውና አፈር ውስጥ ስለሚበሰብሰው ዘይት የምትጠይቁኝ ስለበዛችሁ እዚሁ ልመልስ።

ጥያቄ፦ ሰንሰለቱ ላይ የምትፈሰው ተራ ዘይት እኮ ትንሽ ናት፤ ይህን ያህል ትጎዳለች?

አዎ፣ ምክንያቱም አትመለስም። የሞተር ዘይት እዚያው ሞተር ውስጥ ይዞራል፣ የሰንሰለት ዘይት ግን የሞላኸው በሙሉ ሰጋቱራው ላይ፣ ጉቶው ላይ፣ ሱሪህ ላይ ይቀራል። አስላው። በአንድ ሙሌት ሩብ ሊትር፣ በቀን 6 ሙሌት፣ 4 መጋዝ፦ 6 ሊትር በየቀኑ መሬት ይገባል። ከቁልቁለቱ በታች ደግሞ ሰው ውኃ ይቀዳል። ኦስትሪያ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የማይበሰብሰውን የሰንሰለት ዘይት በሕግ የከለከለችው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ጋራዥ የተቃጠለ ዘይት በነፃ ይሰጠናል። እሱስ?

ተወው ወንድሜ። ውስጡ የብረት ብናኝ፣ ጥላሸትና ካንሰር የሚያመጡ ኬሚካሎች አሉ፤ ሰንሰለቱ ደግሞ ፊትህ ላይ ነው የሚረጨው። መጋዙንም ይበላዋል። እኔም ድሮ እጠቀም ነበር። አንድ ቀን መጋዙ ጭስ ጭስ ሲለኝ ከፍቼ ባየው የዘይት ፓምፑ ተፍቆ አልቋል። በነፃ ያገኘሁት ዘይት የፓምፕ ዋጋ አስከፈለኝ።

ጥያቄ፦ ታዲያ የኑግ ዘይት ብናደርግበትስ?

ይህን ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። ኑግ ያለሰልሳል፣ ግን ቶሎ ይደርቃል። የዘይት ጠርሙስ አፍ ላይ የሚጋገረውን ቢጫ ሙጫ ታውቁታላችሁ አይደል? መጋዙን ሁለት ሳምንት ብታስቀምጡት ያው ሙጫ ሰንሰለቱን ይይዘዋል። ምጣድ የምናሟሽበት ጎመንዘር ይሻላል፤ አውሮፓውያን የሰንሰለት ዘይት ከሚሠሩበት ተክል ጋር ዘመዳሞች ናቸው። የእነሱ ግን እንዳይደርቅና ከሰንሰለቱ ላይ እንዳይበተን የሚያደርግ ነገር ይጨመርበታል። ያም ቢሆን ለወራት የሚቀመጥ መጋዝ ውስጥ አይተውም፤ ዘይቱን ከመጋዙ ገልብጣችሁ ሰንሰለቱን አጽዱት። ዘይት መውጣቱን ለማየት ሞተሩን እያስጮሃችሁ ጫፉን አዲስ የተቆረጠ ነጭ ጉቶ ላይ፣ ሳይነካ፣ አስጠጉት። ቀጭን የዘይት መስመር ካልታየ አትቁረጡ።

ጥያቄ፦ ቆርቆሮው ላይ «ባዮ» ካለ ይበቃል?

አይበቃም። ኦኢሲዲ 301 የሚባለውን ፈተና ማለፉን የሚያሳይ ወረቀት ጠይቅ። በዚያ ፈተና ዘይቱ በ28 ቀን ውስጥ ቢያንስ 60 በመቶው መበስበስ አለበት። «ከአትክልት የተሠራ» የሚለው ጽሑፍ ብቻውን ምንም አይነግርህም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ግንድ የሚጭን ማሽን አለኝ፤ ክንዱን የሚያነሳውን የሃይድሮሊክ ዘይትም ልቀይር?

አብሮ ይስጥልን እናቴ። መጀመሪያ የመጋዞቹን ይቀይሩ፣ እሱ በየቀኑ የሚፈስ ነው። ሃይድሮሊኩ የሚፈሰው ቱቦ ሲፈነዳ ነው፤ ሲፈነዳ ግን ደቂቃ ሳይሞላ በባልዲ ነው የሚወጣው። ከቀየሩ አይኤስኦ 15380 የሚባለውን፣ የሚበሰብስ የሃይድሮሊክ ዘይት መመዘኛ የሚያሟላ፣ ከተቻለም ኤስተር የሚባለውን ዓይነት ይግዙ፤ ተራው የአትክልት ዘይት የማሽን ሙቀት አይችልም። አሮጌውን ከታንኩ ብቻ ሳይሆን ከፒስተኑም ከቱቦውም ያስወጡ፣ የሚቀረው ከ2 በመቶ መብለጥ የለበትም። ፊልትሮውም አብሮ ይቀየር። ዘይት እንዳይወጣ የሚይዙት ጎሚኒዎች ይስማሙት እንደሆነ የማሽኑን መጽሐፍ ይመልከቱ። ውኃ እንዳይገባበት አደራ፣ ኤስተርን ውኃ ያፈርሰዋል።

ጥያቄ፦ እንጦጦ ላይ በኅዳር ጠዋት ዘይቱ ይወፍርብናል።

ጀሪካኑን ማታ ቤት አስገቡት። ናፍጣ አትቀላቅሉበት!

ጥያቄ፦ የሚበሰብስ ከሆነ ትርፉን ወንዝ ዳር ብንደፋው ችግር አለው?

አለው። ውኃ ውስጥ ሲበሰብስ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፣ እዚያ ያለው ነፍስ ሁሉ ይታፈናል። የተረፈውን በጀሪካን ይዛችሁ ተመለሱ። መጋዙንም ስትሞሉ ከምንጩ ራቅ ብላችሁ፣ ከሥሩ ጆንያ አንጥፋችሁ ሙሉ።