«ይህን ፎቶግራፍ አጥፊልኝ» ያለችኝ ልጄ

ለተከበሩ የምክር አምድ አዘጋጅ፣

የኮሮና ወረርሽኝ ከቤት እንዳንወጣ ባደረገን ወራት ቤተሰቤን ፎቶግራፍ ሳነሳ ነበር። ፎቶግራፍ ማንሳት ሙያዬ አይደለም፤ የተጠቀምኩትም በስልኬና ባለቤቴ ከዓመታት በፊት በገዛው አነስተኛ ካሜራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. በሽታው ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን ካስታወቀ በኋላ ትምህርት ቤቶች ሲዘጉና የባለቤቴ መሥሪያ ቤትም ሠራተኞቹን ወደየቤታቸው ሲልክ፣ ይህ ጊዜ ሳይመዘገብ ማለፍ የለበትም የሚል ሐሳብ አደረብኝ።

ያን ጊዜ አምስት ዓመት የነበረው ወንዱ ልጄ ወንበሮችን ደርድሮ፣ ብርድ ልብስ አልብሶ ቤት ሲሠራ፣ ባለቤቴ በልብስ መቀስ የልጁን ፀጉር ሲቆርጥ፣ ከውጭ የገባው ዕቃ ሁሉ ታጥቦ መስኮቱ ሥር ሲደረደር አንስቻለሁ። እነዚህን ዛሬ ስናያቸው ሁላችንም ደስ ይለናል። የቸገሩኝ ሦስት ፎቶግራፎች ናቸው።

አንደኛው የሴቷ ልጄ ዐሥራ ሦስተኛ ዓመት ልደት የተከበረ ዕለት የተነሳ ነው። ጓደኞቿ በኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ በየሳጥናቸው ሆነው ይዘምሩላታል፤ ድምፁ እየዘገየ ስለሚደርስ ግን የአንዷ መዝሙር ሲጀመር የሌላዋ ያልቃል። ልጄ ፊቷን ከስክሪኑ አዙራ፣ መዳፏን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። ሁለተኛው ባለቤቴ ከሥራ መሰናበቱ በስልክ በተነገረው ቀን፣ ከላይ የተተኮሰ ሸሚዝ ከታች የሌሊት ልብስ ለብሶ አልጋው ጠርዝ ላይ እንደተቀመጠ ያነሳሁት ነው። ሦስተኛው በቪዲዮ ጥሪ ስንነጋገር ከስልኬ ስክሪን ላይ በካሜራው ያነሳሁት የእናቴ ምስል ነው። እናቴ ስልኩን በጣም አስጠግታ ስለምትይዘው የሚታየን ግንባሯና የመነጽሯ የላይኛው ጠርዝ ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት በልብ ሕመም ዐረፈች። ከዚያ ጊዜ የቀረልኝ ምስሏ ይህ ብቻ ሲሆን እሱም የስክሪኑ መስመሮች የተጋደሙበት ነው።

በቅርቡ አልበም ለማዘጋጀት አስቤ ፎቶግራፎቹን ለቤተሰቡ ባሳይ፣ አሁን ዩኒቨርሲቲ የገባችው ልጄ የልደቷን ስታይ፣ «ይህን አጥፊልኝ፤ እንደዚያ ሆኜ ማንም እንዲያየኝ አልፈልግም» አለችኝ። ባለቤቴ ደግሞ የራሱን አንድ ቃል ሳይናገር አልፎት ሄደ። እኅቴ የሚያስደስቱትን ብቻ ሰብስቢ ትለኛለች። እንደዚያ ካደረግሁ ግን በተለይ ትንሹ ልጄ ያ ጊዜ የጨዋታ ጊዜ ብቻ የነበረ ይመስለዋል ብዬ እሰጋለሁ። የእናቴንም ምስል አልበሙ ውስጥ ላግባው ወይስ ልተወው የሚለውን መወሰን አቅቶኛል። ምን እንዳደርግ ይመክሩኛል?

አክባሪዎ፣
የሁለት ልጆች እናት


የተከበሩ እኅታችን፣

ጥያቄዎ እንደ አንድ ሆኖ ቢቀርብም ሁለት ጉዳዮችን ይዟል። ፎቶግራፉ ይኑር ወይስ ይጥፋ የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ኖሮስ ማን ይየው የሚለው ሌላ ነገር ነው። ልጅዎ «አጥፊልኝ» ብትልም ምክንያት አድርጋ ያቀረበችው መታየቱን ነው። ስለዚህ አልበሙ ከመታተሙ በፊት ለብቻዋ አግኝተዋት፣ ፎቶግራፉ አልበሙ ውስጥ እንደማይገባና ለማንም እንደማይላክ አስቀድመው ቃል ይግቡላት፤ ከዚያም እሷ ዘንድ ብቻ ሊቀመጥ ይችል እንደሆነ ይጠይቋት። ይህን ሰምታም ይጥፋ ካለች ከስልክዎም፣ ከኮምፒውተርዎም፣ ከመጠባበቂያውም ያጥፉት፤ በድብቅ የሚቀር ቅጂ አይኑር። ጥሩ ፎቶግራፍ መጥፋቱ ያሳዝነኛል፤ የልጅዎ እምነት መጉደሉ ግን ከዚያ ይበልጥ የከፋ ነው።

ይህን የምለው ስሜቷን ለመጠበቅ ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 ያጸደቀው የሕፃናት መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 12 ሕፃናት በሚመለከታቸው ጉዳይ ሐሳባቸው እንዲሰማ፣ በአንቀጽ 16 ደግሞ የግል ሕይወታቸው እንዲጠበቅ ይደነግጋል። በዐሥራ ሦስት ዓመቷ ሊኖራት የሚገባ መብት፣ ዛሬ ራሷን የቻለች ሰው ሆና ስትጠይቅ የሚከለከልበት ምክንያት የለም።

ከቻሉ ግን ስለ ፎቶግራፉ ዕጣ ከመነጋገራችሁ በፊት ያ ቀን ለእሷ ምን እንደነበረ ይጠይቋት። እርስዎ ከካሜራው ጀርባ ሆነው ያዩት ልቅሶውን ነው፤ ያስለቀሳት የመዝሙሩ መዘበራረቅ ይሁን፣ በስክሪኑ ላይ ያልተገኘች ጓደኛ ትሁን፣ ወይስ በዚያች ቅጽበት ካሜራ መደቀኑ ራሱ ይሁን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። የመጨረሻው ከሆነም ቢከብድዎ እንኳ እስክትጨርስ ይስሟት። ዩኔስኮ እንዳስታወቀው በዚያ ዓመት ትምህርት ቤት የተዘጋባቸው ተማሪዎች ከ1.5 ቢሊዮን በላይ ነበሩ። ቁጥሩ በየመዝገቡ ተጽፎ ይኖራል፤ የአንዲት ልጅ ልደት እንዴት እንዳለፈ ግን ከራሷ አንደበት ካልሆነ በቀር ከየትም አይገኝም። ፎቶግራፉ ጠፍቶ እሷ በገዛ እጇ የጻፈችው አንድ ገጽ አልበሙ ውስጥ ቢገባ፣ እኔ በበኩሌ አልበሙ ጎደለ አልልም።

የባለቤትዎ ዝምታ ፈቃድም ክልከላም ስላልሆነ እንደ መልስ አይውሰዱት። ልጆች ባሉበት አልበም እየተገላበጠ የሚነሳ ጉዳይ አይደለም፤ ሁለታችሁ ብቻ በሆናችሁበት ሰዓት በቀጥታ ይጠይቋቸው። ሥራ ያጣ ሰው ከገንዘቡ ይልቅ ቤተሰቡ ፊት የቆመበት ቦታ የተነቃነቀ ሊመስለው ይችላል፤ ያ ፎቶግራፍም ያንን ሰዓት ይመልስባቸው ይሆናል። እርስዎ ግን ሲያነሱት ምን አይተው እንደነበረ አልነገሩንም። ለእሳቸው ይንገሯቸው። ተሸንፎ የተቀመጠ ሰው ሳይሆን፣ ሥራ ባይኖርም ሸሚዙን ተኩሶ የለበሰ ሰው ታይቶዎት ከነበረ ይህን መስማት ይገባቸዋል።

በእኅትዎ ምክር ላይ ግን አልስማማም። የኅዳር በሽታ ብለን የምናውቀው የ1911 ዓ.ም. ኢንፍሉዌንዛ ዓለምን ሲያዳርስ ካሜራ ብርቅ አልነበረም፤ ኮዳክ ብራውኒ የተባለችውን ባለአንድ ዶላር ካሜራ ለገበያ ካቀረበ ዐሥራ ስምንት ዓመት አልፎት ነበር። ከዚያ ዘመን በብዛት የምናያቸው ፎቶግራፎች ግን አልጋ የተደረደረባቸው አዳራሾች፣ ጭምብል ያደረጉ ፖሊሶችና ነርሶች ናቸው። ሰዎች በየቤታቸው እንዴት እንደዋሉ፣ ምን እንዳስፈራቸው፣ በምን እንደተጽናኑ የሚያሳየን ምስል እምብዛም አናገኝም። በእኛ ዘመን ይህ ክፍተት እንዳይደገም የጣሩ ነበሩ። በ2012 ዓ.ም. የለንደኑ ናሽናል ፖርትሬት ጋለሪ «ሆልድ ስቲል» በሚል ስያሜ ሕዝቡ ያነሳቸውን ፎቶግራፎች እንዲልክ ሲጋብዝ ከ31 ሺህ በላይ ምስሎች ደረሱት፤ 100 ተመርጠውም ለእይታ ቀረቡ። ከተሰጡት ርእሶች አንዱ አዲሱን የዕለት ተዕለት ኑሮ የሚመለከት ነበር። እርስዎ ቤት ውስጥ የሠሩት ሥራ ከዚህ የሚለየው በስፋቱ ብቻ ነው። ትንሹ ልጅዎ አድጎ «ያን ጊዜ እንዴት ኖራችሁ?» ብሎ ሲጠይቅ፣ የብርድ ልብሱ ቤት ብቻውን በቂ መልስ አይሆነውም።

ይሁንና የዚያ ጊዜ ክብደት የግድ በሰው እንባ መታየት የለበትም። ከእያንዳንዱ ፎቶግራፍ በፊትና በኋላ ያነሷቸውንና የጣሏቸውን ምስሎች መልሰው ይመልከቷቸው። ከልደቱ ቀን ጓደኞቿ በየሳጥናቸው ሆነው አፋቸውን የከፈቱበት ስክሪን ለብቻው፣ ወይም ያልተነካው ኬክ ለብቻው ተነስቶ ይሆናል፤ ሸሚዙም ለቀናት ተሰቅሎ የዋለበት ምስል ሊኖር ይችላል። ያንን ቀን የሚወክለውን ከነዚህ መካከል ራሷ ልጅዎ ትምረጥ፤ ባለቤትዎም እንዲሁ። የምርጫው ተካፋይ የሆነ ሰው አልበሙን እንደራሱ ያየዋል።

የእናትዎን ምስል ያለ ማመንታት ያስገቡት፤ በተቻለ መጠንም ገጹን ለእሱ ብቻ ይስጡት። መስመሮቹ የመጡት የስክሪኑ ነጥቦች ከካሜራው ነጥቦች ጋር ስላልተገጣጠሙ ነው፤ የሥራዎ ጉድለት አይደለም። በዚህ ዘመን የደበዘዘን ፊት አጥርተን፣ የጎደለውንም ሞልተን እንሰጣለን የሚሉ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መተግበሪያዎች በዝተዋል። እባክዎ አይስጧቸው። የሚሞሉት በግምት ስለሆነ የሚመልሱልዎ ፊት የእናትዎ አይሆንም። እርስዎ ያገኙት ምስል ግን እሳቸው ስልኩን እንዴት ይይዙ እንደነበር፣ በዚያ ሰዓት ከእሳቸው ዘንድ የሚደርሳችሁ ምን ያህሉ ብቻ እንደነበር በታማኝነት ይናገራል። ከሥሩ ይህንኑ፣ ለእኔ በጻፉልኝ ቃል ይጻፉት።

ስለ አጠባበቁም ጥቂት ልበል። ፋይሎቹን ከስልክዎ ወደ ኮምፒውተር በገመድ ይገልብጡ፤ በቴሌግራም ወይም በዋትስአፕ እንደ ተራ ፎቶ ሲላኩ መጠናቸው ይቀንሳል፣ የተነሱበትን ቀንና ሰዓት የያዘውም መረጃ ይወገዳል። ሦስት ቅጂ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ ይኑርዎ፤ አንዱም ከቤትዎ ውጭ ይቀመጥ። ለታተሙት ፎቶግራፎች ፒቪሲ ከተባለው ፕላስቲክ የተሠራ ኪስ አይጠቀሙ፤ ከጊዜ በኋላ የሚያወጣው አሲድ ምስሉን ያበላሻል።

አልበሙን ሲገዙም ገጾቹ ተሰፍተው የተጠረዙትን ትተው፣ ገጽ የሚጨመርበትንና የሚወጣበትን ዓይነት ይምረጡ። ባለቤትዎ ዛሬ እምቢ ያሉትን ከዓመታት በኋላ ሊፈቅዱ ይችላሉ፤ ልጅዎም ዛሬ የፈቀደችውን ነገ ይውጣልኝ ብትል ሌላው ገጽ ሳይበላሽ ማውጣት ይቻላል።