ፓስፖርቱ የውጭ፣ እድገቱ ባሕር ዳር

ውጭ ተወልደው እዚህ ጣና ዳር ያደጉ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ሲደርሱ ቤተሰቡ በወሬና በደላላ ይታመሳል። ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አራቱን መርጫለሁ።

«የልጅ ልጄ ቨርጂኒያ ተወልዳ ገና በሕፃንነቷ ወደ እኔ መጣች። አሁን 11ኛ ክፍል ናት፤ እናቷ እዚያው ትሠራለች። አንድ ደላላ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ስትገባ የውጭ ተማሪ ስለሆነች ቪዛ ያስፈልጋታል፣ ክፍያውም እጥፍ ነው ይለኛል።» እማማ፣ ከጊዮርጊስ አካባቢ

እማማ፣ ለዚህ ሰው አንድ ብር እንዳይሰጡ። ልጅቷ አሜሪካዊት ናት፤ በራሷ ፓስፖርት ትገባለች እንጂ የተማሪ ቪዛ አትጠየቅም። ማመልከቻው ላይም ዜግነቷን አሜሪካዊ ብላ ትሙላ። ፋፍሳ የሚሉት የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ ቅጽ የሚሞላው በነፃ ነው፤ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥሯን (የአሜሪካ መንግሥት የሚሰጠውን መለያ ቁጥር) ግን ይፈልጋል። ካርዱ እናቷ ዘንድ መኖሩን ዛሬውኑ ይጠይቁልኝ።

ክፍያው ላይ ዜግነት ብቻውን አይበቃም። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የክፍለ ግዛታቸውን ነዋሪ የሚያስከፍሉት ከሌላው በጣም ያነሰ ነው፤ ቨርጂኒያ ደግሞ ቢያንስ የ12 ወር ነዋሪነት ትጠይቃለች። በወላጅ የምትረዳ ተማሪ ነዋሪነት በአብዛኛው የሚታየው በወላጇ ነው። ስለዚህ የእናቷ የግብር ወረቀት፣ መንጃ ፈቃድና የቤት ኪራይ ውል ናቸው ነገሩን የሚወስኑት። እናቷ ወደ ሌላ ክፍለ ግዛት ለመዛወር ካሰበች፣ ይህን አስልታ ቢሆን ደግ ነው።

ወረቀቶቹንም አሁኑኑ ጎን ለጎን ያስተያዩ። ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ የሚሰጠው የአሜሪካ ፓስፖርት የሚያገለግለው 5 ዓመት ብቻ ነው፤ ስንቱ ቤት መሳቢያ ውስጥ ጊዜው አልፎበት ተቀምጧል! ትራንስክሪፕቱ ላይ የትውልድ ዘመኗ በእኛ አቆጣጠር 2001 ተብሎ ፓስፖርቱ 2009 ካለ፣ ማዶ ያለው ሠራተኛ የሁለት ሰው ማስረጃ ይመስለዋል። ትምህርት ቤቱ ሁለቱንም አቆጣጠር እንዲጽፍላት፣ ስሟንም ልክ እንደ ፓስፖርቱ ፊደል በፊደል እንዲያደርግላት ያስጠይቁ።

«ልጄ የእንግሊዝ ፓስፖርት አለው፤ ያደገው ግን ባሕር ዳር ነው። እንደ አገሬው ይከፍላል አይደል?» አባት፣ ከቀበሌ 14

አዝናለሁ፣ በፓስፖርቱ ብቻ አይከፍልም። እዚያ የሚታየው ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት የነበሩት 3 ዓመታት የት እንደተኖሩ ነው። በእንግሊዝ በፈረንጆቹ 2025/26 የትምህርት ዘመን አገሬው ተማሪ በዓመት የሚከፍለው ከ9,535 ፓውንድ አይበልጥም ነበር፤ ለውጭ ተማሪ ግን ጣሪያ የለውም። እርስዎ ወይም ባለቤትዎ ኑሯችሁን እዚያ እንዳለ ትታችሁ ለጊዜያዊ ሥራ ብቻ ወጥታችሁ ከሆነ ነገሩ ሊለወጥ ይችላል፤ የሥራ ውሉን ይዛችሁ ዩኒቨርሲቲውን በጽሑፍ ጠይቁ።

«የካናዳስ?»

የካናዳ ዜጋ የትም ቢያድግ እንደ ካናዳዊ ነው የሚከፍለው። እንደ ኩቤክ ያሉ ክፍለ ሀገሮች ግን የራሳቸውን ነዋሪዎች ከሌሎች ካናዳውያን ይለያሉ። የብድርና የድጎማ ጉዳይ ግን የክፍለ ሀገር ነዋሪነትን ይከተላል።

«ጂዳ ነው ያደግኩት፤ 12ኛ ክፍልን በዚያ አገር ሥርዓት ጨርሻለሁ። ፓስፖርቴ የኢትዮጵያ ነው። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ፔዳ ግቢ መማር እፈልጋለሁ፤ እንደ ውጭ ዜጋ ያስከፍሉኛል?»

ወንድሜ፣ አገርህ ናት፤ ውጭ ማደግህ ዜግነትህን አይነካውም። የሚያስቸግርህ የትምህርት ማስረጃህ ነው። መንግሥት የሚመድበው በአገር አቀፉ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ነው፤ በወጪ መጋራት ተምሮ ከተመረቀ በኋላ ከደመወዙ የሚከፍለውም በዚህ መንገድ የገባው ነው። የአንተ ማስረጃ መጀመሪያ አቻ ግምት፣ ማለትም ከእኛ አገር ማስረጃ ጋር እኩል መሆኑን የሚያሳይ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል፤ ለዚያም በተማርክበት አገርና በኤምባሲያችን የተረጋገጠ መሆን አለበት። ከጂዳ ሳትነሳ ጨርሰው፤ እዚህ ከደረስክ በኋላ ማኅተም ፍለጋ መመለስ ከባድ ነው። ሬጅስትራሩንም አንድ ነገር በግልጽ ጠይቅ፦ በአቻ ግምት የምገባው በመደበኛ ነው ወይስ በግል ክፍያ?

የውጭ ፓስፖርት ያላት እህት እንዳለችህም ጽፈሃል። ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የውጭ ዜጎች የሚሰጠውን መታወቂያ፣ ቢጫ ካርድ ታውጣ። የ1994ቱ አዋጅ ቁጥር 270 በኢኮኖሚ፣ በማኅበራዊና በአስተዳደር አገልግሎቶች ላይ ለውጭ ዜጋ የተጣለው ገደብ በባለ ካርዱ ላይ እንደማይሠራ ይደነግጋል። አዋጁን ኮፒ አድርጋ ከማመልከቻዋ ጋር ታያይዘው፤ የክፍያ ውሳኔውንም በቃል ሳይሆን በደብዳቤ ትቀበል።